ከሳሽ

መናኸሪያው በር ላይ፣ ጉሙ ሥር ቁጭ ብሎ፣
አንድ ልጅ ይጣራል፦ «ሚዛን! ኪሎ! ኪሎ!»
ሁለት ብር ከፍዬ፣ ጫማዬን አውልቄ፣
ፎጣዬን አስይዤው፣ ትንፋሼን ደብቄ፣
(ትንፋሽም ይመዝን እንደሁ ተጠራጥሬ)
ስንቴ ቆሜበታለሁ አንገቴን ሰብሬ።

ባና ነው የምነግድ፣ ከመንዝ የሚወርድ፤
ቀኑን ሙሉ እለካለሁ፣ ክንድ፣ ሌላ ክንድ፤
ማታ ግን ተለኪዋ እኔው ነኝ፣ በግድ።

ጉልበቴን አመመኝ ብዬ ሐኪም ቤት ብገባ
«ኪሎ ቀንሺ» አሉኝ።
በዓመቱ ጆሮዬን አመመኝ።
ጆሮዬን!
«ኪሎ ቀንሺ» አሉኝ።

ለታናሽ እህቴ ሠርግ፣ ሎሚ በሙቅ ውሃ፣
ፌጦ በባዶ ሆድ፣ አንጀቴን በረሃ
አድርጌው ከረምኩና ዳሱ ውስጥ ብገባ፣
ሴቱ ሙሽሪትን ትቶ እኔን ከበባ፦
«ከሳሽ! ወደርየለሽ፣ ከሳሽ! ምን አግኝተሽ?»
ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።
ያንኑ ሌሊት ግን፣ ጓዳዬ ገብቼ፣
መብራቱን አጥፍቼ፣ በሶውን ከፍቼ፣
ቆሜ በእጄ ስዝቅ፣ ኮሽ ባለ ቁጥር ስደነግጥ፣
በገዛ ቤቴ ውስጥ፣
ዳሱ ላይ የጠበቀው ቃል ጓዳ ሲገባ ላላ፤
ከሳሽ እኔ፣ ተከሳሽ እኔ፣ ምስክር የለ ሌላ።

ትርሲት ጋ የሄድኩት በሐምሌ ነው፣ ጠባሴ፣
በዚያ ብርድ፣ ቁርስ ሳልቀምስ፣ እንዲቀል ልብሴ
ስስ ቀሚስ ለብሼ።
የምግብ ባለሙያ ናት፣ ልጅ እግር።
የጠበቅሁት ወረቀት ነው፦
ቅቤ ክልክል፣ ዳቦ ክልክል፣ ምኞት ክልክል።
«ሚዛኑ የት ነው?» አልኳት፣ ጫማዬን ፈትቼ።
«ወለሉ ይበርዳል፣ አጥልቂው» አለችኝ። ተቀመጥኩ፣ ፈርቼ።
ወንበሩ ሰፊ ነው፣ መደገፊያ ክንድ የለው፤
የታክሲው ረዳት ትዝ አለኝ፣ «የሁለት ሰው ክፈይ» ያለው።
የግፊት መለኪያው ጨርቅ ክንዴን ዞሮ ደረሰ፣
ሌላ ቦታ እንደለመድኩት ተርትሮ አልተመለሰ።

«መቼ ነው የሚርብሽ?»

ዝም አልኩ።
«ምን በላሽ» ያለኝ አገር ነው።
«ራበሽ ወይ» ያለኝ የለም።

«እጾማለሁ» አልኳት፣ መልስ ብጤ ፍለጋ።
«የእግዜሩን አልነካም።
ይሄ ፋሲካ የሌለው ጾምሽ ግን፣
ለማን ነው?»

«እከሳለሁ ወይ?» አልኳት፣ ቆጣ ብዬ።
«አላውቅም። ልትከሺም፣ ላትከሺም፣
ባለሽበት ልትቆዪም ትችያለሽ። ቃል አልገባልሽም።
ስኳርሽን እናያለን።
ጉልበትሽን፣ ጉልበት ብሎ ለሚያይ ሐኪም እጽፍልሻለሁ።
በሶሽን ግን መብራት አብርተሽ፣ ቁጭ ብለሽ ብይ።»

ተናደድኩ።
ለዚህ ነው ሱቅ ዘግቼ የመጣሁ?
በዚህ ዕድሜዬ መብላት ልማር?
ደረጃውን ወርጄ፣ አስፋልቱን ስሻገር፣
አንድ የተሸለተ በግ ግድግዳ ተጠግቶ
ይንቀጠቀጣል።
ጸጉሩን አራግፈው አቅልለውታል፣ እውነት ነው፤
ብርዱን ማን መዘነለት?
(ጸጉሩን የምነግደው እኔ ነኝ። ቶሎ አለፍኩ።)

መናኸሪያው በር ላይ ልጁ አየኝና፣
«እትዬ፣ ዛሬስ?»
«ዛሬ ይቅርብኝ።»
ርቦኝ ነበር። ራበኝ ብዬ፣ ጮክ ብዬ፣
የአሥር ብር ቆሎ ገዛሁ፤
ግማሹን ለሱ በእፍኙ ዘግኜ
አጠገቡ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለን ቆረጠምን።
ሚዛኑን ካፊያ ይመታዋል፣ ማንም አልቆመበት።
ጎንበስ ብዬ መርፌውን አየሁት፦

ሁለት ኪሎ ተኩል።